አንቲቫይረሱ ራሴ የሰራሁትን ፕሮግራም ቫይረስ ነው ብሎ እየበላብኝ ነው፣ እርዱኝ

የአዳማው ኮደር፦

ሰላም የቤቱ ልጆች፣ ቸኩዬ ስለምጽፍ ይቅርታ። እዚ አዳማ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አለ፣ ለባለቤቱ በፓይተን የዕቃ መመዝገቢያ ሰርቼላቸው ነበር፣ ስቶክ ይይዛል፣ ዱቤ ይይዛል፣ ማታ የቀኑን ሽያጭ ደምሮ ያወጣል። አምስት ወር ያለ ምንም ችግር ሲሰራ ቆይቶ ባለፈው ሳምንት ትንሽ ነገር አስተካክዬ አዲሱን ቨርዥን ጫንኩላቸው፣ በነጋታው ሱቅ ሲከፍቱ የለም። ዴስክቶፑ ላይ አይከኑ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ሲነኩት ፋይሉ አልተገኘም ይላል።

ጋሼ ደውለው «አንተ ልጅ፣ ቫይረስ ነው እንዴ የጫንክብኝ?» አሉኝ። እንደዛ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሄጄ ሳየው አንቲቫይረሱ ትሮጃን (ደህና ፕሮግራም መስሎ የሚገባ ቫይረስ) ብሎ ኳራንቲን፣ ማለትም ማቆያው ውስጥ ከቶታል። መለስኩት፣ ከሰዓት መልሶ በላው። ዳታቤዙ ደህና ነው፣ የጠፋው ኢኤክስኢው፣ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ፋይል ብቻ ነው፣ ግን እሳቸው ወደ ደብተራቸውና ወደ ካርቦን ደረሰኛቸው ተመልሰዋል፣ ልጃቸው ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ እኔን የሚያይበትን አስተያየት አትጠይቁኝ።

የፓይተኑን ኮድ ወደ ኢኤክስኢ ለመቀየር ፓይኢንስቶለር ነው የተጠቀምኩት፣ ሁሉንም አንድ ፋይል አድርጌ፣ ሳይዙ እንዲቀንስ ዩፒኤክስ የሚባለውን መጭመቂያም አድርጌበታለሁ። ኮዱን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ እያንዳንዷን መስመር አውቃታለሁ፣ ኢንተርኔት እንኳ አይነካም። ለምንድነው እንደዚ የሚያደርገኝ? የአንቲቫይረሱን ስም አልጠራም፣ ስም ማጥፋት አልፈልግም፣ መፍትሄ ብቻ ነው የምፈልገው።

ቶሎ ቶሎ፦

ቀላል ነው ብሮ፣ አንቲቫይረሱን አጥፍተህ ተገላገል። የሱቅ ኮምፒውተር ምን ይሆናል ብለህ ነው። እኔ ለደንበኞቼ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ባሕር ዳር ጥገና፦

ወንድሜ ይሄን ምክር በጭራሽ እንዳትሰማ። ከላይ የጻፍከውም ልጅ አትቀየመኝ፣ እኔም እንዳንተ ስለነበርኩ ነው የምናገረው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የአማርኛ መጻፊያቸውን አንቲቫይረስ እየበላባቸው ጠሩኝ። ሰልፍ አለ፣ ልጅቷ ተጨንቃለች፣ እኔም ሌላ ቦታ ቀጠሮ ነበረኝና ዲ ድራይቩን እንዳለ ኤክስክሉዥን (አንቲቫይረሱ የማይፈትሸው ዝርዝር) ውስጥ አስገባሁላት፣ ከዛ «ከአሁን በኋላ ቀይ ነገር ብቅ ካለ ዝም ብለሽ ይለፍ በይው» አልኳት። በዚ አፌ ነው ያልኩት። ሦስት ወር ሳይሞላ መልሳ ጠራችኝ። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሹን ሰክቶ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው፣ ከዛ በኋላ እዛ ማሽን ላይ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ቫይረሱን ይዞ ይወጣ ነበር። ስንት ተማሪ፣ ስንት ቢሮ እንደደረሰ እግዜር ይወቀው። ማስጠንቀቂያ አልመጣም ወይ ስላት «መጥቷል፣ አንቺ ይለፍ በይው ስላልሽኝ አልኩት» አለችኝ። እኔ አስተምሬያት እሷን ምን ልበላት?

ከዛ ቀን ወዲህ ደንበኛ ፊት «ግድ የለም፣ እለፊው» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ጋሼም ዛሬ ያንተን ፋይል እለፍ ማለትን ከለመዱ ነገ ማን አስጠንቅቆ ያስቆማቸዋል? ስለዚህ መፍትሄው ትንሽ ጊዜ ይፈጅብሃል፣ ግን በትክክለኛው መንገድ አድርገው። ሴኩሪቲ ላይ የሚሰሩ ልጆች እዚ አሉ፣ እነሱ ያብራሩልህ።

ሜሪላንድ ነኝ፦

እህቴ ያለችው ትክክል ነው። ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ለምን እንደሚሆን ላስረዳ፣ ይረዝማል ታገሱኝ።

አንቲቫይረስ ድሮ ድሮ የሚያውቀውን ቫይረስ አሻራ ይዞ ነበር የሚያስሰው። አሁን በቀን የሚወጣው አዲስ ነገር ብዛት በአሻራ ብቻ አይያዝም፣ ስለዚህ ጠባይን ያያል፣ መልክን ያያል፣ ማሽን ለርኒንግ አለው፣ ፋይሉን ስንት ሰው ጋር አይቼዋለሁ ብሎም ይጠይቃል። ያንተ ፕሮግራም በዓለም ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፣ ትናንት ነው የተወለደው፣ ሰሪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ የለውም። ይሄ ብቻውን ያስጠረጥራል።

በዛ ላይ ፓይኢንስቶለር አለ። ኢኤክስኢው ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሳው ያንተ ኮድ ሳይሆን ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ እሱ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ስለሆነ ያው ቨርዥን ያለው ሰው ሁሉ ጋር አንድ ነው። ቫይረስ የሚጽፉትም ፓይተን ይወዳሉ፣ እነሱም ይሄንኑ ቡትሎደር ነው የሚጠቀሙት። ሌባ ለብሶት የታየውን ካፖርት አንተም ገዝተህ ማታ ስትወጣ ዘበኛው እንደሚይዝህ ማለት ነው። አንድ ፋይል ስታደርገው ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ያለውን ሁሉ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ዘርግፎ ከዛ ያስነሳል፣ ድሮፐር የሚባለው የቫይረስ ዓይነትም ልክ እንደዛ ነው የሚያደርገው። ዩፒኤክሱ የመጨረሻው ነው፣ ፋይሉን ጨምቆ ውስጡ እንዳይታይ ያደርጋል፣ ቫይረስ ጸሐፊዎችም ለመደበቅ ስለሚጠቀሙበት ብዙ አንቲቫይረስ ገና ሲያየው ይቆጣል። ሦስቱንም ደርበሃቸዋል።

መጀመሪያ ግን እርግጠኛ ሁን። «ኮዱን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አይበቃም፣ ያንተው ላፕቶፕ ተይዞ ቢሆንስ? እንደ ሳሊቲና ራምኒት ያሉት ቫይረሶች ማሽኑ ላይ ያገኙትን ኢኤክስኢ ሁሉ እየገቡበት ነው የሚባዙት፣ ያንተንም ሳትሰማ ይገቡበታል። ላፕቶፕህን ስካን አድርግ፣ ከዛ ሱቁ ያለውን ፋይል ሻ 256 የሚባለውን መለያ አውጣና አንተ ጋር ካለው ጋር አስተያይ፣ ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትዕዛዝ ያወጣልሃል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። አንድ ፊደል ከተለያየ ፋይሉ መንገድ ላይ ተነክቷል ማለት ነው።

ከዛ ቫይረስ ቶታል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ እየው። እዛ 70 አካባቢ የአንቲቫይረስ ኢንጂኖች ናቸው በአንዴ የሚያዩልህ። ቁጥሩን ብቻ አትይ፣ ስሞቹን አንብብ። ጄኔሪክ፣ ሂዩር፣ ሰስፒሽየስ፣ ኤምኤል የሚል ከሆነ ግምት ነው። ብዙዎቹ ተስማምተው አንድ የታወቀ የቫይረስ ቤተሰብ ስም ከጠሩ ግን ፎልስ ፖዚቲቭ ነው፣ ንጹሑን በስህተት ይዞ ነው ብለህ ራስህን አታታልል። አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ኢንጂን ከሌላ ተከራይተው ነው የሚሰሩት፣ ስለዚህ አምስት ቦታ አንድ ዓይነት ስም ካየህ አምስት ምስክር ላይሆን ይችላል። ደግሞ እዛ የምትጭነው ፋይል ለሌሎች ኩባንያዎችም እንደሚደርስ እወቅ፣ ፕሮግራሙን ብቻ እንጂ የጋሼን ዳታቤዝ እንዳትልክ፣ የሰው ዱቤ ነው ያለው። ሻውን ብቻ አስገብተህም መፈለግ ትችላለህ፣ ከዚህ በፊት ሰው ልኮት ከሆነ ይወጣል።

የአዳማው ኮደር፦

እግዜር ይስጥልኝ የሜሪላንዱ ጋሼ፣ እንደዚ የሚያብራራ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ላፕቶፔ ንጹህ ነው፣ ሻውም አንድ ነው። ቫይረስ ቶታል ላይ 14 ቀይ ወጣ፣ ሁሉም ያው ጄኔሪክ ምናምን የሚሉ ናቸው፣ የቤተሰብ ስም የጠራ የለም። ዛሬ ማታ ዩፒኤክሱን አውጥቼ፣ አንድ ፋይል መሆኑ ቀርቶ በፎልደር አድርጌ እሞክራለሁ።

ድሮ አይሲቲ ነበርኩ፦

ልጄ አይዞህ፣ እንዲህ ያለ ስህተት አንተ ላይ ብቻ አይደለም የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2008 ኤቪጂ የሚባለው አንቲቫይረስ የዊንዶውስ ኤክስፒን ዩዘር 32 ፋይል ትሮጃን ነው ብሎ ነበር፣ የታዘዘውን ያጠፋ ሰው ማሽኑ አልነሳም አለው። ሚያዝያ 21 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማካፊ 5958 የሚባለውን አፕዴት ለቆ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ላይ ያለውን ኤስቪሲሆስት ያዘው፣ እሱ ደግሞ ዊንዶውስ ያለሱ የማይቆም ፋይል ነው፣ ኮምፒውተሮቹ እየጠፉ መነሳት ሆነ ሥራቸው፣ ኔትወርክም ስላጡ ማስተካከያውን በኔትወርክ መላክ አልተቻለም፣ የአይሲቲ ሰው እያንዳንዱ ማሽን ጋር በእግሩ መሄድ ነበረበት።

እኔን ግን በጣም ያስተማረኝ የሌላው አንቲቫይረስ፣ የሶፎስ ነው። መስከረም 19 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የራሱን ማዘመኛ ቫይረስ ብሎ ያዘ። የተያዘ ፋይል ይጥፋ ብለው ያስተካከሉ ድርጅቶች ማዘመኛው ራሱ ተነካባቸው፣ ማዘመኛው ከተነካ ደግሞ እርማቱ በምን ይግባ? ስለዚህ ሴቲንጉ ላይ ምርጫ ካለህ ሁሌም ኳራንቲን አድርገው፣ ዲሊት አታድርገው። ኳራንቲን የገባ ይመለሳል።

በ2022 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይም የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ክሮምን ራሱን ስጋት ነው ብሎ ሲያስጠነቅቅ ዋለ፣ በአፕዴት ተስተካከለ። እንዲህ ያለው እርማት በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፣ ችግሩ የኛ ሱቅ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ሳይነካ ወር ሁለት ወር ስለሚቆይ የተሻረ ስህተት ይዞ መቀመጡ ነው። የጋሼን ማሽን አፕዴት አድርገኸዋል? መጀመሪያ እሱን እይ፣ ዳታ ከሌላቸው በስልክህ ሆትስፖት ስጣቸው፣ ወይም ከቤት የኦፍላይን አፕዴቱን አውርደህ በፍላሽ ውሰድላቸው።

አራተኛ ዓመት ሲኤስ፦

ጥሩ ውይይት ነው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዊንዶውስን ሳንገዛ አክቲቬት የምናደርግበትን ፕሮግራምም አንቲቫይረስ ይይዘዋል፣ የሰጠኝ ልጅ «ፎልስ ፖዚቲቭ ነው፣ አጥፍተህ ጫነው» ነው ያለኝ። እሱም እንደዚሁ ነው?

ሜሪላንድ ነኝ፦

አይደለም ወንድሜ፣ ሁለቱን እንዳታቀላቅል። ዲፌንደር እሱን ሃክ ቱል ብሎ ነው የሚጠራው፣ ስሙን አንብበው፣ ሃክ ቱል ነው፣ ተሳስቶ አይደለም። በዛ ላይ ክራክ (እንደዚህ ያለ ሕገወጥ መክፈቻ) ውስጥ የብሮውዘር ፓስወርድ የሚሰርቅ አብሮ ማስገባት በጣም የተለመደ ነው፣ ለሌባው የሚመቸው ደግሞ አንተ ራስህ አንቲቫይረሱን ቀድመህ ማጥፋትህ ነው። «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» ብሎ የሚጀምር ፋይል ካየህ እዛው ተወው።

ማባዣ ቤት ጎንደር፦

ልጆች እኔም ችግር አለብኝ። የጽሕፈትና ማባዣ ሥራ ነው የምሰራው፣ የአማርኛ መጻፊያዬን አንቲቫይረስ ባየው ቁጥር ያነሳዋል። ዓመታት የሰራሁበት ነው፣ ከጓደኛዬ በፍላሽ የወሰድኩት። የድሮ ደንበኞቼ ሰነድ ሁሉ በሱ ፎንት ነው የተጻፈው፣ ብተወው ሰነዱ ዝብርቅርቅ ብሎ ነው የሚከፈተው። ፎልስ ፖዚቲቭ መሆኑን በምን ላውቅ?

ባሕር ዳር ጥገና፦

ጋሼ የርስዎ ከአዳማው ልጅ የከበደ ነው፣ በደንብ ላስረዳዎት። የአማርኛ መጻፊያ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ቀድሞ ይቀበልና «ለ» እና «አ» ን አገናኝቶ «ላ» ያደርጋል፣ ማለትም ኪቦርዱን ያዳምጣል። ፓስወርድ የሚሰርቅ ኪሎገርም የሚያዳምጠው በዛው መንገድ ነው፣ ስለዚህ ንጹህ መጻፊያም ሊጠረጠር ይችላል። ግን ደግሞ በፍላሽ ከሰው ሰው የዞረ ኢንስቶለር ብዙ ጊዜ እውነተኛ ቫይረስ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ ንጹህ ሆኖ የርስዎ ኮፒ የተበከለ ሊሆን ይችላል። «ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ነው» ማለት እርስዎ ጋር ስላለው ፋይል ምንም አይነግረንም።

እንዲህ ያድርጉ። ያንን ኢንስቶለር አይክፈቱት፣ ቫይረስ ቶታል ላይ ብቻ ያስገቡትና ስሞቹን ይላኩልን። መጻፊያውን ከሰሪዎቹ ዘንድ እንደ አዲስ ያግኙት። ለአዲስ ሥራ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ የሚለው ጋር ገብተው ይጨምሩት፣ ኪማን የሚባለው መጻፊያም በነጻ ከራሱ ገጽ ይወርዳል። በዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አሠራር) ይጻፉ ጋሼ፣ ሰነዱ የትም ይከፈታል። የድሮውን ፎንት ለድሮው ሰነድ ብቻ ያስቀምጡት፣ ፎንት ለማንበብ መጻፊያው መነሳት የለበትም።

የአዳማው ኮደር፦

አፕዴት ልስጣችሁ። ዩፒኤክሱን ሳወጣ 14ቱ ወደ 8 ወረደ፣ በፎልደር ሳደርገው ደግሞ 3 ሆነ። ፓይኢንስቶለሩን አዘመንኩ፣ የፕሮግራሙን ስም፣ ቨርዥንና የሰሪውን ስም የሚይዘውን ቦታም ሞላሁ፣ ባዶ ነበር። ችግሩ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ያ የጋሼ ማሽን ላይ ያለው መሆኑ ነው። ሰርተፊኬት ገዝቼ ልፈርምበት?

ሜሪላንድ ነኝ፦

ፊርማ ጥሩ ነው ግን አሁን አልመክርህም። በዓመት መቶዎች ዶላር ነው፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወዲህ ደግሞ ቁልፉ ሃርድዌር ላይ መቀመጥ አለበት ስለተባለ በቶክን (ፍላሽ በሚመስል ዕቃ) ይላክልሃል ወይም በክላውድ ይያዝልሃል። በዶላር መክፈሉም እዛ ቀላል አይደለም። ደንበኛህ ሲበዛ ታስብበታለህ።

አሁን ለአንቲቫይረሱ ኩባንያ ጻፍ። ሁሉም ማለት ይቻላል ፎልስ ፖዚቲቭ የሚቀበሉበት ገጽ አላቸው፣ በነጻ ነው። ዲፌንደር ለሚጠቀም ሰው የማይክሮሶፍት ሴኩሪቲ ኢንተለጀንስ ገጽ ነው፣ የሶፍትዌር ሰሪ ነኝ የሚለውን መርጠህ ፋይሉን ትልካለህ፣ በስህተት ተይዟል ትላለህ። ስትጽፍ የተያዘበትን ስም እንዳለ ገልብጥ፣ የዴፊኒሽኑን (የአንቲቫይረሱን የቫይረስ ዝርዝር) ቁጥር ጨምር፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሰራ፣ በምን እንደተሰራ ጻፍ። ስድብና ልመና አያስፈልግም፣ የሚያነበው ሰው መረጃ ነው የሚፈልገው።

መልሱ እስኪመጣ ኤክስክሉዥን ማድረግ ካለብህ የፕሮግራሙን አንድ ፎልደር ብቻ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አድርገው፣ ያለ አድሚን ፈቃድ ማንም እዛ መጻፍ አይችልም። ዳታቤዙን ግን ለብቻው ሌላ ቦታ አውጣው፣ ፕሮግራሙ በየቀኑ ይጽፍበታል። ዳውንሎድ ፎልደርን ወይም ሙሉ ድራይቭን በጭራሽ ኤክስክሉዥን ውስጥ አታስገባ።

ቶሎ ቶሎ፦

ከላይ አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ። እህቴ የጻፈችውን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ሱቅ እንደዛ አድርጌያለሁ፣ ዛሬ ሁለቱ ጋር ሄጄ መልሼ አበራሁት። አንደኛው ላይ ስካን ሳደርግ ያገኘሁትን ባልናገር ይሻላል፣ የሱቁን ፋይል ባካፕ አድርገን ፎርማት ልናደርገው ነው። ሦስተኛው ነገ።

ባሕር ዳር ጥገና፦

ተባረክ ወንድሜ። ባካፑን ወደ አዲሱ ስትመልስ ኢኤክስኢ ምናምን እንዳትመልስ፣ ሰነዱን ብቻ። ፍላሻቸውንም እይላቸው።

ማባዣ ቤት ጎንደር፦

እንዳላችሁኝ አደረግኩ። በፍላሽ የወሰድኩት 70 ውስጥ 52 ቀይ ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ሳሊቲ» ይላሉ። አንቲቫይረሱ ዓመት ሙሉ እውነቱን ሲነግረኝ እኔ ስዘጋው ነበር። ፍላሹን የሰጠኝን ጓደኛዬንም ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ እሱም ከሌላ ሰው ነው የወሰደው። ማሽኑን ልጄ ፎርማት እያደረገው ነው፣ በዩኒኮድ መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ ጣቴ ገና አልለመደም።

የአዳማው ኮደር፦

ይቅርታ ጠፋሁ። ኩባንያው በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ፣ «ፋይልህን አይተናል፣ ንጹህ ነው፣ በሚቀጥለው አፕዴት ይስተካከላል» ይላል። ትናንት ሱቅ ሄጄ በሆትስፖት አፕዴት አደረግኩት፣ ለጊዜው ያደረግኩትን ኤክስክሉዥን አነሳሁ፣ ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ ፉል ስካን አደረግኩ፣ ዝም አለ። ጋሼን አጠገቤ አስቀምጬ ነው ሁሉንም ያደረግኩት፣ የኩባንያውን መልስም በአማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፣ ልጃቸውም ሰማ። ወደፊት ቀይ ነገር ብቅ ካለ ምንም ሳይነኩ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ ተስማምተናል፣ ስልኬን ወረቀት ላይ ጽፌ ሞኒተሩ ጎን ለጥፌዋለሁ። አዲስ ቨርዥን ሳወጣም መጀመሪያ ቫይረስ ቶታል፣ ከዛ ለኩባንያው፣ ከዛ ነው ሱቅ የሚሄደው።

ከዛ ደብተራቸውን ከፍተው የአስራ አንድ ቀኑን ዱቤ እያነበቡልኝ አስገባን። ስምንት ሰዓት ላይ ጀምረን ሱቅ ሲዘጋ ነው የጨረስነው፣ ድምሩ ከደብተሩ ጋር አንድ ሆነ።